ያረጀ ድረ ገጽ እንዴት ይሻገራል? ከአሮጌ ጁምላ ወደ ወርድፕረስ፣ ደረጃ በደረጃ

ነገሩ የተጀመረው ጣና ዳር ባለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ፣ ዋንዛ ሥር ተቀምጠን ነው። ባለቤቷ ቡናውን ቀድተው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ እስኪ እየው። የቤቴን ስም ስፈልግ ቁማር ነው የሚያመጣልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጉግል ላይ የማረፊያቸው ስም ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ስለ ቁማር ነው። ገጹን የሠራላቸው ልጅ ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል። ድረ ገጹ የቆመው በጁምላ 2.5 ላይ ነው፤ ጁምላ ድረ ገጽ የሚሠራበትና የሚተዳደርበት ሲስተም ነው። በዚያ በኩል ሰርጎ ገቦች ጠልፈውታል።

ጁምላ ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ነው። እኛ ጅምላ ከምንለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ «ሁሉም ባንድ ላይ» እንደማለት። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አዲሶቹ ዕትሞቹም ይሠራሉ። የ2.5 ድጋፍ ግን ያበቃው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2014 ነው። የጁምላ 3 ድጋፍ ኦገስት 17 ቀን 2023 አብቅቷል። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሲስተም፣ ድሩፓል 7ም፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተራው ደርሶታል።

ድጋፍ አበቃ ማለት ገጹ በዚያ ቀን ይዘጋል ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ቀዳዳውን የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ የትኛው ገጽ በየትኛው ዕትም እንደተሠራ በቀላሉ ያውቃሉ። ሌላም ችግር አለ። አሮጌ ሲስተም አሮጌ ፒኤችፒ (ሲስተሙ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ) ይፈልጋል። ሆስቲንጉ (ገጹን በሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት) አንድ ቀን ፒኤችፒውን ሲያድስ ገጻችሁ ባዶ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ የምሠራበትን ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዬ ከጁምላ 2.5 ወደ ወርድፕረስ ነው፤ ወርድፕረስም እንደ ጁምላ የድረ ገጽ መሥሪያ ሲስተም ነው፤ ከሌላ ሲስተም ብትነሡም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ

ባሕር ዳር እንግዳ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ጥር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጢስ ዓባይ ይሞላል፤ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄደውም ብዙው በኛ በኩል ያልፋል። በነዚህ ወራት ድረ ገጽ አይነካም። ሐምሌና ነሐሴ ይሻላሉ። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክም ያስቸግራል፤ ቢሆንም አንድ ቀን ገጹ ቢቋረጥ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ለ60 እና 70 ገጽ ሁለት ሳምንት እመድባለሁ።

1. ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ሦስት ነገር አጣሩ። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) በማን ስምና በማን ኢሜይል ተመዘገበ? ሆስቲንጉን ማን ይከፍላል? የአድሚን ፓስወርዱን ማን ያውቀዋል? አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ገጹን የሠራው ልጅ ጋ ናቸው። ክፋት አይደለም፤ ያኔ ባለቤቱ ኢሜይል ስላልነበረው በራሱ አድራሻ መዝግቦት ነው።

ደውሉለት። በጨዋ ቋንቋ፣ ሳትወቅሱት። ዶሜይኑን ወደ ባለቤቱ ስም እንዲያዛውር ጠይቁት። ይህ ሳይጠናቀቅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ። ሁሉም ሥራ አልቆ ዶሜይኑ በሌላ ሰው እጅ ከቀረ ያለቀ ነገር የለም።

2. ባክአፕ፦ ሁለት ነገር፣ ሁለት ቦታ

ድረ ገጽ ሁለት አካል አለው። አንዱ ፋይሎቹ ናቸው፦ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ የሲስተሙ ኮድ። ሌላው ዳታቤዙ ነው፤ ጽሑፋችሁ ያለው እዚያ ነው። ፋይሎቹን ብቻ አውርዶ «ባክአፕ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ፎቶው አለው፣ ቃል ግን የለውም።

ፋይሎቹን በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ፣ በሲፓነል፣ አንድ ላይ ዚፕ አድርጋችሁ አውርዱ። ዳታቤዙን በዳታቤዝ ማስተዳደሪያው፣ በፒኤችፒማይአድሚን፣ ኤክስፖርት አድርጉ። ማውረዱን ማታ ጀምሩት፤ ቢቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ለምሳሌ ፋይልዚላ። ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ላፕቶፓችሁ ላይ፣ ሌላውን በውጭ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ። በሃርድ ዲስኩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፋችሁ ለጥፉበት።

3. ፊደሉን ፈትሹ

ለአማርኛ ድረ ገጽ ትልቁ ሥራ ይኼ ነው። የውጭ መመሪያዎች አይነግሯችሁም፤ ለእነሱ ችግር ስላልሆነ።

ያወረዳችሁትን የዳታቤዝ ፋይል በተራ የጽሑፍ ኤዲተር ክፈቱ። ገጹ ላይ መኖሩን በእርግጠኝነት የምታውቁትን ቃል ፈልጉ። እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ «ዘጌ» ብዬ ፈለግሁ። ምንም አልተገኘም። ባለቤቷ ከጎኔ ሆነው ያያሉ። ፋይሉን ወደ ታች ሳወርደው የዘጌ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ደረስኩ፤ ያለው ግን ጭረትና ነጥብ ጣል ጣል የተደረገባቸው የፈረንጅ ፊደላት ሰልፍ ነው። «ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። አልጠፋም ነበር። ከሚከተሉት ሦስት ሁኔታዎች አንዱን ታገኛላችሁ።

አማርኛው በትክክል ከታያችሁ እሰየው፣ ወደ 4 እለፉ።

የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ካያችሁ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው። የአማርኛው ባይቶች አማርኛን በሚይዘው የፊደል ስብስብ፣ በዩቲኤፍ 8፣ በትክክል ገብተዋል፤ የዳታቤዙ ሠንጠረዥ ላይ ግን «ላቲን 1» የሚል፣ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ስብስብ ምልክት ተለጥፎበታል። ጤፍ በያዘ ጆንያ ላይ «ስንዴ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። የሚስተካከለው ጽሑፉ አይደለም፣ ምልክቱ ነው። ዳታቤዙን ማይኤስኪውኤል ዳምፕ በሚባለው የዳታቤዝ ማውጫ ትእዛዝ እንደገና አውጡት፤ ስታወጡት የፊደል ስብስቡ ላቲን 1 እንዲሆን እዘዙ። ያኔ ባይቶቹ ሳይነኩ ይወጣሉ፣ ፋይሉን ስትከፍቱትም አማርኛው ይነበባል። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ ላቲን 1 የሚለውን ምልክት ሁሉ፣ የሠንጠረዦቹንም ሆነ በፋይሉ አናት «SET NAMES» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን፣ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ 8) ቀይሩና መልሳችሁ አስገቡ። ይህን ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። ዋናው ባክአፕ አይነካ።

የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ብቻ ካያችሁ ግን ከበድ ይላል። ያ ማለት አንድ ጊዜ ዳታቤዙ ፊደሉን መያዝ አቅቶት በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። የጥያቄ ምልክት ተመልሶ «ዘ» አይሆንም። ቀጥታ ያለው ገጽ ላይም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚያስቀምጠውን የዌይባክ ማሽን ቅጂ ፈልጉ። የድሮ ገጾችን እዚያ አግኝቼ አውቃለሁ።

አራተኛ ዓይነትም አለ፣ በቆዩ ገጾች ላይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በድሮዎቹ ፎንቶች ስንጽፍ ቆይተናል። በነዚያ የተጻፈ ጽሑፍ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ነው። ፎንቱ ሲነሣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይቀራል። ይህን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል፤ ከለወጣችሁ በኋላ ግን እያንዳንዱን ገጽ በዓይናችሁ አንብቡ። አጭር ከሆነ እንደገና መተየብ ይቀላል።

ፊደሉን ሳታስተካክሉ ወደ አዲሱ ሲስተም ማስገባት አይገባም። ስህተቱ አብሮ ይሻገርና ከዚያ በኋላ የት እንደተፈጠረ ማወቅ ይከብዳል።

4. ቆጠራ

ኤክሴል ክፈቱና ያለውን ገጽ ሁሉ በየመስመሩ ጻፉ፦ ርዕስ፣ ሙሉ ሊንክ፣ ቋንቋ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ይቀጥል ወይስ ይቅር። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ወረቀት ይኼ ነው። በኋላ ለሊንኮቹ ትፈልጉታላችሁ።

ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ገጽ በገጽ እለፉ። የጀልባ ዋጋ የዛሬ ስንት ዓመት ነው? ስልኩ ይሠራል? ስለ ከተማው የተጻፈው ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ በፊት ነው? እትዬ የእንግዳ ማረፊያቸውን ዋጋ በደብተር ነበር የያዙት። ድረ ገጹን ትተን ከደብተሩ ጻፍን።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሰው የቀን ሳጥኑ ውስጥ የኛን ዓመት ይጽፍበታል። በ2006 ዓ.ም. የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. የ2006 ይሆንበታል። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀበራል።

5. ወዴት እንሻገር?

አንዱ መንገድ በዚያው በጁምላ መቀጠል ነው። ከ2.5 ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 5 መውጣት። መሰላሉ ረጅም ነው፣ የድሮዎቹ ማስዋቢያና ተጨማሪዎችም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከጁምላ 3 ለሚነሣ ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

ሌላው ወርድፕረስ ነው። ለትንሽ ድርጅት እኔ ይኼን እመርጣለሁ። ምክንያቴም ቴክኒካዊ አይደለም። ነገ እኔ ባልኖር ባሕር ዳር ውስጥ ወርድፕረስ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም።

ገጻችሁ ከ10 የማይበልጥና በዓመት አንዴ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ዳታቤዝም አያስፈልግም። ተራ የኤችቲኤምኤል ገጽ ይበቃል፤ የሚሰበር ነገር የለውም።

6. አዲሱን ከጎን ሥሩ

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተመርቆ እስኪከፈት ድረስ መኪናው ሁሉ የሚያልፈው በአሮጌው ድልድይ ነበር። ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው። አሮጌው በቦታው ይቁም፤ አዲሱን ላፕቶፓችሁ ላይ ሥሩት። ላፕቶፓችሁን እንደ ሰርቨር የሚያሠራውን፣ ዛምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ወርድፕረስን እዚያ ላይ አስገቡ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ለኛ ከተማ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ጽሑፉን ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። ገጹ ከ60 በታች ከሆነ በእጅ ቅዱ። አዎ፣ በእጅ። ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) አስተካክሎ ስህተቱን ከመልቀም ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መቅዳት ይፈጥናል፤ እግረ መንገዳችሁንም ታርሙታላችሁ። ከዚያ ከበለጠ «ኤፍጂ ጁምላ ቱ ወርድፕረስ» የሚባል ፕለጊን አለ። ነፃው ዕትም ጽሑፎቹን፣ ክፍሎቹንና ፎቶዎቹን ያመጣል። ሜኑና ተጠቃሚዎችን ለማምጣት የሚከፈልበት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ የጀልባ ጉዞ ገጽ ሳሻግር ጽሑፉን በራሴ መንገድ ከዳታቤዙ አወጣሁት። ጁምላ አንድን ጽሑፍ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያስቀምጠው። «ተጨማሪ ያንብቡ» ከሚለው በፊት ያለው በአንድ ዓምድ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የወሰድኩት። ገጾቹ ሙሉ ይመስሉ ነበር፤ ርዕስ አላቸው፣ ፎቶ አላቸው፣ ሁለት አንቀጽ አላቸው። የቀረው ክፍል ውስጥ ግን «ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም» የሚል አንድ መስመር ነበር። ያን ሳያነቡ ሁለት ሴት እንግዶች ጀልባ ተከራይተው ደሴቷ ድረስ ሄዱ። ከጀልባው ሳይወርዱ ተመለሱ። ጀልባ ነጂው ደወለልኝና «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይረሳል?» አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ጽሑፍ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከአሮጌው ገጽ ጋር ሳላመሳክር አላልፍም። እናንተም የመጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን ተመልከቱ።

ፎቶዎችን በተመለከተ ፎልደሩን እንዳለ አትገልብጡ። የተጠለፈ ገጽ ከሆነ ከዘጌ ፎቶዎች መካከል የተሸሸገ የፒኤችፒ ፋይል ሊኖር ይችላል። በፎቶ ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒ ምንም ሥራ የለውም፤ ከተገኘ የሌባ ነው። ጄፔግ፣ ፒኤንጂና ፒዲኤፍ ብቻ ለይታችሁ ውሰዱ። የአሮጌውን ሲስተም ኮድ፣ ማስዋቢያውንና ፓስወርዶቹን አታሻግሩ። ለሁሉም አዲስ ፓስወርድ ይውጣ።

ፎቶዎቹን እግረ መንገዳችሁን አቅልሏቸው። ወርዱ 1600 ፒክስል ከሆነ ይበቃል። እንግዳው ገጹን የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው፣ ምናልባትም ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ። ለፊደሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ፤ ጥርት ያለ ነው፣ ነፃም ነው።

7. የድሮ ሊንኮች እንዳይሞቱ

ባለፉት ዓመታት አስጎብኚዎችና መንገደኞች ገጻችሁን በየቦታው ጠቅሰውታል። ያ ሊንክ ሲከፈት «ገጹ አልተገኘም» ካለ ሰውየው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ አዲሱን የሚጠቁም 301 ሪዳይሬክት ያስፈልጋል። 301 ማለት «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ማለት ነው፤ ጉግልም ይረዳዋል።

በቆጠራው ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩና አዲሱን ሊንክ ከአሮጌው ጎን ጻፉ። ጁምላ ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት አድራሻ ሊኖረው እንደሚችል አስታውሱ። አንዱ የጽሑፉ ቁጥርና ርዕስ ያለበት ንጹሕ አድራሻ ነው። ሌላው ከጥያቄ ምልክት በኋላ ብዙ ነገር የተደረደረበት ረጅም አድራሻ ነው። ሁለቱንም አስመዝግቡ። ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን አፓቺ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ተራ የሪዳይሬክት ትእዛዝ አያየውም፤ ለብቻው የሪራይት (አድራሻን መልሶ የሚጽፍ) ደንብ ይፈልጋል። ይህ ከከበዳችሁ «ሪዳይሬክሽን» የሚባለው የወርድፕረስ ፕለጊን ያግዛችኋል።

የአማርኛ ሊንክ ላይ ደግሞ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። አንዷ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ናት። ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ አንዲት ፊደል 9 ቁምፊ ትወስዳለች። ወርድፕረስ ለሊንክ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። ያ ከ22 ፊደል አይበልጥም። «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የሚደረግ የግማሽ ቀን ጉዞ» የሚል ርዕስ ብትሰጡት ሊንኩ «በጀልባ የሚደ» ላይ ይቆረጣል። ተመሳሳይ አጀማመር ያላቸው ሁለት ርዕሶች ካሉ ደግሞ ሊምታቱባችሁ ይችላሉ። ስለዚህ የሊንኩን ስም በእጃችሁ ጻፉ፣ አጭር አድርጋችሁ። «ዘጌ በጀልባ» ይበቃል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉት ቴሌግራም ላይ ሲላክም አያስቀይምም።

የፊደል አጻጻፉንም ባንድ ወስኑ። «ዓባይ» ካላችሁ ሁሉም ቦታ «ዓባይ» ይሁን። «አባይ» ብሎ የፈለገ ሰው በገጹ መፈለጊያ ላያገኘው ስለሚችል ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ በዚያም አጻጻፍ ጣል አድርጉለት።

8. የመሻገሪያው ሌሊት

ከሁለት ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (ዶሜይኑ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚያመራ የሚናገረውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አድርጉ። ያኔ ለውጡ በቶሎ ይዳረሳል፤ ስህተት ከተገኘም ቶሎ መመለስ ይቻላል።

የኢሜይሉን ነገር አደራ። ድርጅቱ በራሱ ዶሜይን ኢሜይል የሚጠቀም ከሆነ ኤምኤክስና ቲኤክስቲ የሚባሉትን፣ ኢሜይሉ የሚሠራባቸውን የዲኤንኤስ መዝገቦች አንድ በአንድ ገልብጣችሁ ያዙ። ኔምሰርቨር (ዲኤንኤሱን የሚይዘውን ሰርቨር) ቀይራችሁ እነሱን ከረሳችሁ ድረ ገጹ ያምራል፣ ኢሜይሉ ግን ፀጥ ይላል። ማንም ሳያስተውል ቦታ የጠየቁ እንግዶች መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ።

ከዓርብ ይልቅ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይሻላል። በማግሥቱ ሆስቲንጉ ጋ ደውሎ ሰው ማግኘት ይቻላል። ቻርጅ የሞላ ላፕቶፕና ዳታ ያለው ሁለተኛ ስልክ አዘጋጁ። አዲሱን ገጽ ስቀሉ፣ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን የሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ ሰርተፍኬት አስገቡ፣ ዲኤንኤሱን ቀይሩ።

ከዚያ በኤክሴሉ ላይ ያሉትን አሮጌ ሊንኮች አንድ በአንድ ክፈቱ። ሁሉንም። የመልእክት መላኪያ ፎርሙን ሞልታችሁ ለራሳችሁ ላኩ። ወርድፕረስ ቅንብር ውስጥ መፈለጊያዎች እንዳያዩት የሚከለክለው ምልክት መነሣቱን አረጋግጡ። በሥራ ጊዜ አብርተውት የሚረሱት ብዙ ናቸው።

9. የቀጣዮቹ ሳምንታት

ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል ላይ አዲሱን ሳይትማፕ (የገጾቻችሁን ዝርዝር) አስገቡ። በየሳምንቱ «አልተገኘም» የተባሉትን አድራሻዎች እያያችሁ ሪዳይሬክት ጨምሩ። ገጹ ተጠልፎ ከነበረ የቁማሩ ጽሑፍ ከጉግል ወዲያው አይጠፋም፤ ጊዜ ይወስዳል። ሪዳይሬክቶቹን ቢያንስ ለ1 ዓመት አታንሡ።

ወርድፕረስ ትንንሽ ማሻሻያዎችን በራሱ ይጭናል። ፕለጊንና ማስዋቢያውን ግን በወር አንዴ ገብታችሁ አድሱ። ፕለጊን አታብዙ፤ እኔ ከ8 አላሳልፍም። ከማደሳችሁ በፊት ባክአፕ ውሰዱ።

የአሮጌውን ገጽ ፋይሎች ከሰርቨሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አጥፉ። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ብሎ በሌላ ፎልደር ስም እዚያው መተው በሩን ክፍት መተው ነው። ባክአፑ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ።

እትዬን ዋጋ መቀየር ያሳየኋቸው በስልካቸው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ፣ በሁለተኛው አንዴ። በሳምንቱ ገጹን ስከፍተው የቁርስ ዋጋ ተቀይሯል፤ ከሥሩም «የዘጌ ቡና አለ» የሚል አዲስ መስመር ጨምረዋል። ሃርድ ዲስኩ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከደብተሩ ጎን ተቀምጧል።